በሃምሳው የጾምኩት ጾም

ሐይቅ ከተማ የገባሁት ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነበር። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ከጎጃም ተዛውሬ ነው የመጣሁት። የተከራየኋት ክፍል ማድ ቤት የላትም። አከራዬም ክፍሉ ውስጥ እሳት እንዳላነድ ገና ቁልፉን ስትሰጠኝ አስጠንቅቃኛለች። ስለዚህ በሠላሳ አራት ዓመቴ ብቻዬን ምግብ ቤት ገብቼ መብላት ጀመርኩ። እኛ ቤት ሰው ብቻውን አይበላም። ለታመመ ሰው እንኳ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያጎርስ ይፈለግለታል።

ከጤና ጣቢያው ብዙ የማትርቅ፣ አምስት ጠረጴዛ ያላት ቤት ገባሁ። የክርስቲያን ትሁን የሙስሊም በሯ ላይ የሚናገር ነገር የለም። ሴትዮዋን በንግግራቸው ልለያቸው ጆሮዬን ጣልኩ። ሃምሳን ያለፉ፣ ሞላ ያሉ ሴት ናቸው። አንዱን ደንበኛ “ወላሂ” ይሉታል፣ ሌላውን “በማርያም” ብለው ይለምኑታል፤ በየትኛው እንደምይዛቸው ጠፋኝ። መጠየቁንም አፈርኩ። በሥላሴ ስም ያልታረደ ሥጋ በአፌ ዞሮ አያውቅምና ሽሮ አዘዝኩ።

አጠገቤ ሁለት ሽንኩርት ነጋዴዎች ከአንድ ትሪ ይበሉ ነበር። አንደኛዋ ጉርሻዋን እያላመጠች፣

“እታለም፣ ምን ለብቻሽ ጎለተሽ? ነይ እንብላ” አለችኝ።

ትሪው ላይ ምን እንዳለ እንኳ ቀና ብዬ አላየሁም።

“ጾም ነኝ” አልኩ።

“በሃምሳው?”

ማተቧን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም ከእኔ እኩል ታውቃለች። ፊቴ ጋለ። “ስለት አለብኝ” አልኩና በውሸቱ ላይ ሌላ ውሸት ደረብኩበት። ሳቋን ዋጥ አደረገች። ሂጃብ የለበሰችው ጓደኛዋ የሰው ስለት አይነካም፣ ተያት አለቻት። ተነሥተው ሲሄዱ ትሪውን አየሁት፤ የዓሣ አጥንት ብቻ ነበር የቀረበት። አንዷ ክርስቲያን፣ አንዷ ሙስሊም ናቸው፤ ዓሣ አራጅ አይፈልግምና ከሐይቁ የወጣውን አብረው ይበሉ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ ከሽሮ ሌላ ማዘዝ አልቻልኩም። ስሜ “ጾመኛዋ” ሆነ፣ ጥጉ ላይ ያለው ጠረጴዛም ለእኔ ተለየ። ቤቱ ሞልቶ አንድ ሰው ከፊቴ ሊቀመጥ ወንበር ሲስብ፣ ሴትዮዋ “ጸሎት ላይ ናት፣ አትረብሻት” ብለው ያስነሡታል። ጸሎት ላይ አልነበርኩም። የሰው ወሬ እየለቀምኩ ነበር፤ ሽንኩርት ስንት ገባ፣ ማን ከማን ተጣላ፣ የትኛው አውቶቡስ ቀረ። አንድ ሰው ዞር ብሎ ቢጠይቀኝ ብዬ እንጀራዬን እስኪደርቅ አቆየዋለሁ። እንብላ የሚለኝ ግን ጠፋ። ሰዉ አክብሮኝ ነው የተወኝ፣ ማንን ልውቀስ?

ቀን ቀን ምጥ የያዛቸው ሴቶች አንገቴ ላይ ይንጠለጠላሉ፣ እጄን ጨምቀው ይይዛሉ። እሑድ ግን ከቅዳሴ ስወጣ “እንኳን አደረሳችሁ” ካልኩ በኋላ እስከ ሰኞ ጠዋት ድምፄን የሚሰማ የለም። እናቴ ደውላ ምን እንደበላሁ ስትጠይቀኝ ከሰዎች ጋር በላሁ እላታለሁ። ቀሚሴ እየሰፋኝ ሁለት ጊዜ አስጠበብኩት። አንዳንድ ቀን ከፊቴ ያለውን ምግብ ሳልነካው ተነሥቼ የጤና ጣቢያው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ውኃውን ከፍቼ አለቅሳለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እሱም እንደ ሰዉ አክብሮ የተወኝ መስሎኝ ነበር።

ሰኔ ላይ ሴትዮዋ ሽሮውን ሲያቀርቡልኝ ጎንበስ ብለው በዱዓዬ እንዳስባቸው ለመኑኝ። ቤቱ የሙስሊም መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ልጃቸው አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ስልኳ ከጠፋ ሁለት ወር ሆኖታል። አላህ የጾመኛን ይሰማል፣ አንቺ ደግሞ የጨከንሽ ጾመኛ ነሽ አሉኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ “ዱዓ ያዝሽልኝ?” ይሉኛል፤ ይዤልዎታለሁ እላለሁ። በእርግጥም እጸልይ ነበር፣ ግን ስሟን ስጠራ አፌ ያፍራል። እስጢፋኖስ ገዳም ደጅ ሄጄ ለአንድ አባት ልናዘዝ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለስኩ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከዚያው አገር የተመለሰች ልጅ ወሬ አመጣች። የሴትዮዋ ልጅ ከአሠሪዎቿ ቤት ወጥታለች፣ ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ የለም። ያን ቀን ዝናቡ ያለማቋረጥ ይዘንባል፣ ቤቱ ባዶ ነው። ሴትዮዋ ሽሮዬን አስቀምጠው ወደ ጓዳ አልተመለሱም፤ ወንበሩን ስበው ከፊት ለፊቴ ተቀመጡ። በሦስት ወር ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ። ስለምነው የኖርኩት ነገር እንዲህ ሆኖ መጣ።

“ልጄ፣ ስለትሽ ስንት ቀን ቀረው? ሳያልቅ ትገኝልኝ ይሆን?” አሉኝ።

የያዝኩትን ጉርሻ መለስኩት። ስለት እንደሌለብኝ፣ ከመጀመሪያው ቀን እንደዋሸሁ፣ ሥጋውን ፈርቼ እንደነበር፣ መናገሩ አሳፍሮኝ እንደቀረሁ ሁሉንም ነገርኳቸው።

“ሥጋችሁን አልበላም ብትዪኝ ማን ይቆጣሽ ነበር? ክርስቲያን ጎረቤቴን ዶሮ አሳርጄ፣ ድስትሽን ለብቻው እጥድልሽ ነበር። ለዚህ ብለሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?”

ሳህኑን ከፊቴ አነሡት። ውጪልኝ ሊሉኝ ነው ብዬ ቦርሳዬን ያዝኩ።

“እንግዲያው አሁን ጹሚላት” አሉኝ። “እውነተኛውን። እኔም እጾማለሁ።”

ሽሮውን ወደ ጓዳ መልሰውት መጡና እንደገና ተቀመጡ። ያን ቀን ከሥራ ወጣ ብዬ ተመልሼ መጣሁ፣ በማግሥቱም እንዲሁ። አሁን ነሐሴ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾሜን ስፈታ እሳቸው ገና ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪደርስ ይጠብቃሉ፤ ስልኩን መሐላችን አስቀምጠው ስበላ ያዩኛል። መብላቴን ሳቆም፣ “አብሽሪ፣ ብዪ፤ ነገም የምትጾሚ ነሽ” ይሉኛል።

ልጅቷ እስካሁን አልደወለችም።