ገለባ በሆምጣጤ

ፕሮፌሰር የሚለውን ቅጽል ያወጣለት ሌላ ሰው አይደለም፤ ራሱ ነው። የወረቀት ፋብሪካው ሠራተኞችም አልተከራከሩትም። ከእሱ ጋር ከመከራከር ከግድግዳ ጋር መከራከር ይሻላል፤ ግድግዳ ቢያንስ መልስ አይሰጥም። በላቦራቶሪው ውስጥ ሥራው ብልቃጥ መደርደርና ሙቀት መለካት ነበር፤ ነጭ ካፖርቱን አንጠልጥሎ ኮሪደሩን ሲያቋርጥ ያየው ግን ሞትን ድል አድርጎ የሚመለስ ይመስለዋል። ጫማው መስተዋት ነው። ራሰ በራው ከጫማው ይበልጥ ያበራል። አእምሮውን ብቻ ወልውሎት አያውቅም።

አንድ ቀን ፋብሪካው ከሶዳ ሐይቅ ዳር የተወሰዱ ባክቴሪያዎች አስመጣ። የእኛን ዓይን የሚያቃጥለው ውሃ ለእነሱ ወተት ነው፤ የሚያመነጩት ኢንዛይም ደግሞ የዕፅዋትን ቃጫ ፈትቶ ያለሰልሳል። ሥራ አስኪያጁ ባክቴሪያዎቹን ከነሶዳ ውሃቸው በአፈ ሰፊ ጠርሙስ ለፕሮፌሰሩ አስረከቡትና፣ “ሰኞ እንግዶች ይዤ እመጣለሁ። ለወረቀት የሚሆነው ገለባ እዚህ ውስጥ ለስልሶ ካገኘሁት የላቦራቶሪው ኃላፊ አንተ ነህ” አሉት። ሚስቱ በዚያው ምሽት ለእህቷ ስልክ ደውላ፣ “የኃላፊው ሚስት ነኝ፣ ማን ልበል?” አለች።

አርብ ከምሳ በኋላ ገለባውን ጠርሙሱ ውስጥ ከተተ። ራቅ ብሎ ሲያየው ጠርሙሱ ነጭ የሶዳ ቅርፊት ይዟል።

“ኧረ ምነው! እንግዳ ፊት እንዲህ ተዝረክርኬ?”

ሚስቱ ማንቆርቆሪያ የምታጸዳበትን ሆምጣጤ ቤት ሮጦ አመጣና ጠብ አደረገበት። ትሽሽ! አረፋው እስከ አፉ ተንተከተከ።

“አያችኋቸው?” አለ ለተደረደሩት ብልቃጦች። “እየጨፈሩ ነው! ርቧቸው ኖሯል ልጆቼን!”

ሶዳና ሆምጣጤ ሲገናኙ እንደሚንተከተኩ ማንቆርቆሪያ ያጠበ ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ቤት ግን የሚያጥበው እሱ አይደለም። እየጨፈሩ መስሎት የሆምጣጤውን ጠርሙስ እስከ ጭላጩ ገለበጠባቸው። አረፋው ሲሞት “ጠገቡ” አለ። አልጠገቡም፤ አለቁ።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ እንግዶቻቸውን አስከትለው ገቡ። እጃቸውን ጠርሙሱ ውስጥ ሲሰዱ ገለባው እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ ጠበቃቸው።

“እህ! ወጋኝ!” ጣታቸውን አሸተቱ። “አንተ ሰውዬ፣ ምንድን ነው የሚሸተኝ?”

“የሳይንስ ሽታ ነው፣ ጌታዬ።”

“ሆምጣጤ ነው እንጂ! ሰላጣ ነው እንዴ የምትሠራልን?”

“ጨውስ ጣል አላደረግክበትም?” አለ አንዱ እንግዳ።

ኃላፊነቱ እዚያው ጠርሙስ ውስጥ ቀረ። ፋብሪካው ውስጥ ፕሮፌሰር ብሎ የሚጠራው የለም፤ ስሙ ሰላጣ ሆኗል።

ማታ ሚስቱ በር ላይ ጠበቀችው። “እሺ ኃላፊዬ?”

“ሰነፍ ባክቴሪያ አሸክመውኝ የት ልድረስ! እንቅልፋሞች!”

“እሱን ተወውና ሆምጣጤዬን የት አደረስከው? ማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት ይዞልኛል።”

ማንቆርቆሪያውን አየ። ቅርፊቱን አየ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ መወልወል እየጀመረ፣

“ማንቆርቆሪያ ደግሞ ስለ ሳይንስ ምን ያውቃል!” አለ።