የግራው ገጽ

ባለፈው ነሐሴ፣ የምሠራበት ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳዎቹን ሲያስቀባ፣ እኔ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ጀርባቸው የተገነጠለ መጻሕፍት እሰፋ ነበር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። የቀለሙ ሽታ ከእርጥቡ የቀርከሃ አጥር ሽታ ጋር ተቀላቅሎ በመስኮቱ ሲገባ እጄ መርፌው ላይ ቆመ። የዛሬው ቀለም ከሱቅ የተገዛ ነው። እኛ ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ግን ያለቀ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ከየቤታችን እናመጣ፣ ቀጥቅጠን ዱቄቱን በቅጠል ጭማቂ እንለውስና ሰሌዳውን ራሳችን እንቀባ ነበር። ሽታቸው አንድ አይደለም። አፍንጫዬ ግን ልዩነቱን አላወቀም፤ ሐሙስ መሰለው።

ሐሙስ የቲቸር ይማም ቀን ነበር።

ቲቸር ይማም አልጀብራ ያስተምረን የነበረ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ቀጭን ሰው ነው። ወላጆቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሠፈሩ ናቸው። እሱ የተወለደው እዚሁ አሶሳ አጠገብ፣ ከሠፈራ መንደሮቹ በአንዱ ቢሆንም አነጋገሩ የወላጆቹን አገር አልለቀቀም። ጠመኔ እጁን ስለሚሰነጥቀው በአሮጌ የአውቶቡስ ትኬት ጠቅልሎ ይይዘው ነበር። የመጀመሪያው ቀን ስሙን እንኳ ሳይነግረን፣ ከእኛ የሚጠብቀውን ከሰሌዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ጻፈ። ደብተሩ ባለ ካሬ ይሁን። የቤት ሥራ በየቀኑ አለ። የግራው ገጽ ለሙከራ ነው፣ የቀኙ ለንጹሑ። ላጲስ የለም፤ የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ከሥሩ እንዲነበብ። ከእያንዳንዱ እርምጃ ጎን ምክንያቱ ይጻፋል። የመጨረሻው መስመር ማረጋገጫ ነው፤ ማረጋገጫ የሌለው መልስ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ከመቶው ሃያው የደብተር ነው። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ አንድ ሰው ስሙ ተጠርቶ ሰሌዳ ይወጣል፤ ማን እንደሚጠራ አስቀድሞ አይነገርም።

እኔ ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ መንጌ አካባቢ ከእናቴ ጋር ወንዝ ወርጄ ወርቅ ሳጥብ ነው ያደግሁት። አማርኛን የለመድኩት አንደኛ ክፍል ከገባሁ በኋላ ነው፤ የአልጀብራው መጽሐፍ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነበር። አብረውኝ የሚማሩት የአሥራ አራትና የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች «እትዬ ሀዋ» ይሉኝ ነበር። «እትዬ ሀዋ፣ ልጆችሽን ለማን ትተሽ መጣሽ?» ሲሉኝ አብሬያቸው እስቅና ደብተሬ ላይ አቀረቅራለሁ።

የምኖረው አሶሳ ውስጥ ባጃጅ ከሚነዳው ታላቅ ወንድሜ ከሀሩን ዘንድ ነበር። ሀሩን ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። በዚያው መስከረም እናቴ፣ ስድስት ዓመት የሞላትን ታናሽ እህቴን ዘይነብን ትምህርት ቤት እናስገባት ይሆን ብላ ጠየቀችው። የባጃጁን መስታወት እየወለወለ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ መጀመሪያ ሀዋ ዘጠነኛን ትለፍና እናያለን፤ ከወደቀች ለሁለቱም ወንዙ ይበቃቸዋል አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደብተሬን በከፈትኩ ቁጥር ከኤክሱ ኋላ ዘይነብ የቆመች ይመስለኝ ነበር፤ ውሃ ውስጥ እስከ ጉልበቷ።

ስለዚህ መሳሳት ፈራሁ። ሀሩን ከግንባታ ቦታ ያመጣውን የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ቆራርጬ፣ ሙከራዬን ሁሉ እሱ ላይ አደርግ ነበር። አንዱን ጥያቄ አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ እሠራዋለሁ። ሲሰምርልኝ ብቻ ከነምክንያቱ፣ ከነማረጋገጫው፣ በማስመሪያ አስምሬ የቀኙ ገጽ ላይ እገለብጠዋለሁ። የግራው ገጽ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። እውነቱን ለመናገር በዚያ ንጽሕና እኮራ ነበር።

ጥር ላይ ደብተር ተሰብስቦ ታረመ። የኔ ሲመለስ፣ ሃያ ሊጻፍበት በሚገባው ቦታ ላይ ዜሮ ነበረበት። በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል በር ላይ ጠርቶ አቆመኝ።

«ማን ሠራልሽ?» አለኝ። አልተቆጣም፤ ያ ባሰብኝ።

«ቲቸር፣ እኔ ነው የሠራው።»

«ሙከራሽስ የታለ?»

እንዴት እንደማስረዳው ጨነቀኝ። በእኛ ዘንድ ወርቅ ያጠበች ሴት ገዢው ጋ የምትቀርበው የወርቋን ፍሬ ብቻ ይዛ ነው። ቀኑን ሙሉ በገበቴ ስታዞረው የዋለችው ጭቃ ወንዙ ውስጥ ይቀራል፤ ማንም አይጠይቃትም፣ እሷም አታሳይም። ይህንን በተሰባበረ አማርኛዬ ነገርኩት። ግንባሩን ቋጥሮ ሰማኝና ወረቀቶቹን ነገ አምጪ አለኝ።

በማግሥቱ እስሩን በሻሽ ቋጥሬ ወሰድኩለት። ቆሞ አንድ በአንድ አገላበጠው። የሲሚንቶው ብናኝ ሸሚዙ ላይ ረገፈ። ደወሉ ተደወለ፤ እሱ ግን ገና እያነበበ ነበር።

«እኔ የማርመው ይሄን ነበር እኮ፣ ሀዋ» አለኝ በመጨረሻ። «ያንን የተስተካከለውንማ ምን ልሥራበት?»

ግን ዝም ብሎ ማርክ እንደማይሰጠኝ ነገረኝ። የሌሎቹ ሙከራ ደብተራቸው ውስጥ ነው፣ የኔ ሻሽ ውስጥ፤ ሐሙስ ሰሌዳ ወጥቼ ክፍሉ ፊት ሞክሬ ከሠራሁ ግን ወረቀቶቹን ከደብተሩ ጋር ያርማቸዋል። ፊቴን አይቶ «አብሽሪ» አለኝ፣ አይዞሽ ለማለት፣ እንደ ወሎ ሰው። መረጋጋት ግን አልሆነልኝም። ረቡዕ እህል በአፌ አልዞረም።

ሐሙስ ስሜ ሲጠራ ከኋላ አንዱ «እትዬ፣ ነጠላሽን አጣፊ» አለ፤ ክፍሉ ሳቀ። ሦስት ኤክስ ሲቀነስ ሰባት፣ እኩል ይሆናል ሁለት ኤክስ ሲደመር አምስት። ቀላል ነው፤ ቤት ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ። ኤክሶቹን ወደ ግራ ሰበሰብኩ። ሰባቷን ሳሻግራት ምልክቷን መቀየር ረሳሁ። ኤክስ ኔጋቲቭ ሁለት ሆነ። ማረጋገጫውን ጀመርኩ፤ በግራ ኔጋቲቭ አሥራ ሦስት መጣ፣ በቀኝ አንድ። አንዱ አፉን ይዞ ሳቀ። ያ ሁሉ ሰው ጭቃዬን እያየ ነው። ክንዴ በራሱ ተነሥቶ በእጅጌዬ ሰሌዳውን ሊጠርግ ሄደ።

«አታጥፊው» አለ ቲቸር ይማም ከኋላ። «የት ጋ እንደሳትሽ ንገሪን።»

ጠመኔው በላቤ ረጥቦ ነበር። ከታች ወደ ላይ እያንዳንዱን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ለኔ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ይመስለኛል። ሰባቷ ጋ ስደርስ አየኋት። በላይዋ አንድ መስመር አሰመርኩ፤ ጎኗ ላይ «ሰባት በሁለቱም በኩል ይደመራል» ብዬ ጻፍኩ። ኤክስ አሥራ ሁለት ሆነ። በግራ ሃያ ዘጠኝ፣ በቀኝ ሃያ ዘጠኝ። ማንም አላጨበጨበም። ቲቸር ይማም ሁሉም ስሕተቱን ጭምር እንዲገለብጥ አዘዘ። እኔም ቦታዬ ሄጄ የደብተሬን የግራ ገጽ ከፈትኩ።

ዜሮው አሥራ አራት ሆነ። ሰኔ ላይ ካርድ ሲሰጥ ሒሳብ ሃምሳ ሦስት አመጣሁ፤ ያለ አሥራ አራቱ እወድቅ ነበር። ሀሩን ካርዱን ተቀብሎ የትኛው ነው ያ የሚያስጨንቅሽ አለኝ። አሳየሁት። አውራ ጣቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ አየና ካርዱን መለሰልኝ። መስከረም ሲጠባ ግን መንጌ ድረስ ሄዶ ዘይነብን አመጣት፣ በባጃጁ ጭኖም ራሱ አስመዘገባት። መዝጋቢዋ ዕድሜዋን ስትጠይቀው «ሰባት» አለ፣ እንደዚያ ጮክ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ቲቸር ይማም በዚያው ክረምት ወደ መተከል ተዛውሮ ነበር፣ ድባጤ ይሁን ቡለን እርግጠኛ አይደለሁም። መተከል ላይ ሰው የሚገደልበትና የሚፈናቀልበት ያ ክፉ ጊዜ ሲመጣ፣ ከዚያ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ስለ እሱ ጠየቅሁ። አንዱ በሰላም ወጥቷል አለኝ፤ ሌላው አላውቀውም አለ። ከዚያ ወዲያ ወሬውን አልሰማሁም። ያን ሐሙስ ሰሌዳው ፊት የቆምነው እኔና ዘይነብ፣ ሁለት እንደነበርን ሳልነግረው ቀረሁ።