ለዝናቡ አንብቢለት

ወልቂጤ ያሳደጉኝ አክስቴ፣ እቴቴ የምንላቸው፣ ክፍል ውስጥ መምህሬም ነበሩ። ካረፉ ወራት ቢያልፉም ዝናብ ሲጥል አንድ ከሰዓት በኋላ በሕልም ያየሁት ያህል ይመጣብኛል።

ከአገና የመጣች አንዲት ልጅ አብራን ትማር ነበር። አንብቢ ስትባል ድምፅ አይወጣትም። የዚያን ዕለት ተሳቀባትና ደብተሯን ሰብስባ፣ «በቃ፣ እናቴ ጋ ልሂድ» አለች።

እቴቴ አልተቆጡም። ሁላችንንም ወደ መስኮቱ አዞሩንና አጠገቧ ተቀመጡ።

«የኔ ልጅ፣ ለእኛ አታንብቢ። ለዝናቡ አንብቢለት፤ እሱ አይቸኩልም» አሏት።

ዝናቡን እያየን ቆየን። ቆርቆሮው ላይ ሲሳሳ ከጀርባችን ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ማንም አልዞረም። እስከ መጨረሻው አነበበች፤ አገናም አልተመለሰችም። ከዚያ ወዲህ እቴቴ ለሚፈራ ልጅ ሁሉ ክፍሉን ወደ መስኮቱ ማዞር ልማዳቸው ሆነ።

ዛሬ እኔም ጉብሬ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ ሰሌዳው ፊት ጠመኔውን እንደያዘች መጻፍ አቃታት። አጠገቧ ቆሜ ጠበቅኋት፤ ቀስ ብላ ጻፈች። እንደወጣሁ «እቴቴ፣ ቻለች እኮ!» ልላቸው ስልኬን አውጥቼ ስማቸውን ፈለግሁ። ስማቸው አለ። ጣቴን ላዩ ላይ እንዳደረግሁ፣ ባጃጆቹ እያለፉኝ፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ።