የረጋው ዘይት

ዓለም ባንክ ሰፈር ከታክሲ ስወርድ ፖሊሶች ያዙኝ። የሥራ ጋውኔ በላስቲክ ተጠቅልሎ በብብቴ ነበር። ኮልፌ ውስጥ ወዳለ አንድ ግቢ ወስደው በር ሲከፍቱልኝ መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው፤ ቦታ ስለሌለ ሁሉም እግሩን አጥፎ ተቀምጧል። በሩ ሥር የነበሩ ሽማግሌ የራሳቸውን እግር ይበልጥ ሰበሰቡልኝና «ግባ ልጄ፣ ቤት የእግዜር ነው» አሉኝ።

ከየቤታችን የሚመጣልንን ምግብ አንድ ላይ ነበር የምንበላው። ለሽማግሌው የሚያመጣ የለም፤ ልጃቸው የት እንደታሰሩ አታውቅም። ወጡ ፍተሻ ሲጠብቅ ውሎ ሲደርሰን ቀዝቅዞ፣ ዘይቱ ከላይ ነጭ ሆኖ ረግቶ ነው። እኔ ደግሞ ነርስ ነኝ፤ ጤና ጣቢያ እናቶችን ስለ ቅባት አስተምራለሁ። «የሚረጋ ዘይት ለልብ መርዝ ነው» እያልኩ በማንኪያ ገፍፌ እደፋው ጀመር። የክፍሉ ሰው ሁሉ ሰማኝ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት እኔ ነኝ።

«ልጄ፣ ለጉልበትም አይሆን?» አሉኝ አንድ ቀን ሽማግሌው።

«ለእርስዎ ዕድሜማ ጭራሽ አይሆንም፣ አባባ።»

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ወደቁ። ላነሳቸው ክንዳቸውን ስይዝ አጥንት ብቻ ነው። ለአንድ ሰው ሦስት ጉርሻ በማይደርስበት ክፍል፣ ከእንጀራው እጥፍ በላይ ጉልበት የሚሰጠውን ነገር በየቀኑ ስደፋ ከርሜአለሁ። ልብ ለመዘጋት ዓመታት ይፈልጋል። እሳቸው ያን ያህል ጊዜ አልነበራቸውም። አፈርኩ።

የዚያን ቀኑን ዘይት ሳልደፋ በክዳን አስቀመጥኩት። በማግስቱ ጠዋት ፍርድ ቤት ቀጠሮ ነበራቸው።

«አባባ፣ ተሳስቼ ነው። በዳቦ ይብሉት።»

«መርዝ ነው አላልክም?»

«እዚህ መድኃኒት ነው።»

ግማሹን በሉ። የቀረውን በጣታቸው እየወሰዱ የተሰነጠቀ ከንፈራቸውን፣ ፊታቸውን፣ የእጃቸውን ጀርባ ቀስ ብለው ቀቡ። «ምናልባት ልጄ ሰምታ ትመጣ ይሆናል» አሉ። «አመዳም ሆኜ አታየኝም።»

ስማቸው ሲጠራ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ፤ ከበሩ ሲወጡ ግን ቀጥ ብለው ነበር። አልተመለሱም። ሌላ ቦታ ወስደዋቸው እዚያ ሕይወታቸው እንዳለፈ የሰማሁት ከተፈታሁ በኋላ ነው።

ልጃቸውን ቀራንዮ ሰፈር ፈልጌ አገኘኋት። ችሎት መኖሩን አልሰማችም፤ አልሄደችም።

«አባዬ ከስቶ ነበር?»

«ሲወጡ ፊታቸው ወዝ ነበረው» አልኳት። ውሸት አይደለም። ስንት ቀን እንደደፋሁባቸው ግን አልነገርኳትም።

ዛሬም ስለ ቅባት አስተምራለሁ። አሁን ግን ይህን ብሉ፣ ያን ተዉ ከማለቴ በፊት ትናንት ምን እንደበሉ እጠይቃለሁ። የሽማግሌው ልጅም ሕፃኗን ለክትባት ይዛ ትመጣለች። በመጣች ቁጥር አባቷን ስለተንከባከብኩላት ታመሰግነኛለች።