ከቴፒ እስከ ሚዛን ያለ ፊት መስታወት

ባለቤቴ የዓለምን ዕቃ ሁሉ ለሁለት የሚከፍል ሰው ነው፤ ኦርጅናልና ሌላው። ምላጭ ሲገዛ እንኳን ወረቀቱን ገልብጦ ሳያይ ኪሱ አይከተውም። እኔንም ያገባኝ ሳያጣራ አይመስለኝም። ስለዚህ የፒካፓችን የፊት መስታወት የተሰበረ ዕለት፣ እኔ ሆዴን በሁለት እጄ እንደያዝኩ፣ እሱ ወርዶ ስብራቱን ዳበሰና መጀመሪያ የተናገረው "ኦርጅናሉን ነው የማስገባው" የሚል ነበር። አሁንም ሳስታውሰው ያናድደኛል።

የስምንት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ሚዛን ሆስፒታል ታይቼ ወደ ቴፒ እየተመለስን፣ ከፊታችን የሚሄድ የጭነት መኪና በጎማው ድንጋይ አፈናጥሮ ለቀቀብን። ጓ! አለና መስታወቱ በእኔ በኩል ተሰነጣጥቆ ነጭ ሆነ። ድንጋዩ ግን አልፎ አልገባም። መስታወቱ ባይኖር የት ያርፍ እንደነበር አላጣሁትም። የመታበት ቁመት ልክ የሆዴ ቁመት ነበር።

ከዚያ በፊት አንድ ልጅ ሞቶብኛል። ምጡ ሲጠናብኝ "ትንሽ እንጠብቅ፣ ትንሽ እንጠብቅ" ተባብለን ሚዛን ስንደርስ ዘግይተን ነበር፤ በኦፕራሲዮን ሲያወጡት ነፍሱ የለችም። በዚህኛው እርግዝና ሐኪሙ እኔንና ባለቤቴን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነገረን። ምጥ ጀመረኝ ስል ያኔውኑ መነሳት፤ ቴፒ ላይ እወልዳለሁ ብሎ ነገር የለም፤ ከዘገየን ልጁም እኔም አንተርፍም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺ ፒካፕ ለእኔ መኪና አልነበረችም። ደጅ ላይ ቆማ ሳያት ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።

ኢንሹራንስ ነበራት። ፖሊስ አይቶ ጻፈ፣ የኢንሹራንሱ ሰው ከሚዛን መጥቶ ፎቶ አነሳ፣ ኦርጅናል መስታወት ከአዲስ አበባ እንዲመጣልን ተፈቀደ። የሰፈራችን መካኒክ "ከሌላ መኪና የወጣ ደህና መስታወት አለኝ፣ ነገውኑ ልግጠምላችሁ" ብሎ ነበር። ባለቤቴ ሊሰማውም አልፈለገ።

"እንደዚያ ዓይነት መስታወት አውቀዋለሁ" አለ። "ማሻ መንገድ ላይ በጉም ስነዳ አንዷን ላም ሁለት አድርጎ አሳይቶኛል።"

"ታዲያ ሁለተኛዋን ነድተህ አታመጣልኝም ነበር?" አልኩት።

መካኒኩ ሳቀ፣ እሱ አልሳቀም። እኔም የሳቅኩት በአፌ ብቻ ነው።

የኢንሹራንሱ አሠራር ደግሞ አንድ ነገር አለው፤ አሮጌውን ሳይረከብ አዲሱን አይሰጥም። ስለዚህ መስታወቱን የጫነው መኪና ከአዲስ አበባ መነሳቱ እንደተሰማ መካኒኩ የተሰበረውን ከነዙሪያ ጎማው አወጣው፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በሚኒባስ ወደ ሚዛን ተላከ። በእኛ ቤት ብልጥ መሆናችን ነበር፤ አዲሱ ሲደርስ አሮጌው ቀድሞ ቢሮ ይጠብቀዋል፣ አንድ ቀን እናተርፋለን። ከሚሸጡ ፍራሾች መሀል ተሰክቶ የሚመጣው አዲሱ መስታወት ግን ቦንጋን እንዳለፈ መንገዱ በዝናብ ተቆረጠና እዚያው ቆመ። ፒካፓችን ፊቷ ባዶ ሆኖ፣ ላስቲክ ለብሳ ደጅ ቀረች። ማታ ማታ ንፋሱ ላስቲኩን ሲያንኳኳው ልቤ አብሮ ይመታል።

ጊዜዬ ገና ነበር። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ሚዛን አክስቴ ቤት ልቀመጥ ተነጋግረን ልብሴን እያጣጠፍኩ ሳለ ነው ወገቤን የያዘኝ። ጋብ ይል ይሆናል ብዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ደግሞ መጣ። ከዚያ እግሬ ስር ረጠበ።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዝናቡ አላባራም። ሚኒባሶቹ ጠዋት ሄደው አልቀዋል። ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ሮጦ ተመለሰ፤ መኪናቸው ሌላ ወላድ ይዛ ማሻ ሄዳለች። በሩ ላይ ቆሞ ውሃ እየተንጠባጠበ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ሁለታችንም ያኛውን ልጅ እያሰብን እንደነበር እርስ በርስ መነጋገር አላስፈለገንም።

"መኪና አለችን" አለ።

"መኪናህ ፊት የላትም።"

"ሞተር አላት። ተነሽ።"

ላስቲኩን እንዳንተወው መንገድ አያሳይም፣ ገፈፈው። ከኋላ ልተኛ ብል ደግሞ ጭነት ቦታው ላይ ያለው መንገጫገጭ ብቻውን ይጨርሰኛል። ያለችን አንዲት ጋቢና ናት፤ ሦስት ሰው ተጣቦ ይቀመጥባታል። ልወጣ ስል ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው ጎረቤታችን፣ እማማ የምላቸው የጅማ ሴት፣ ሱቃቸውን እንደተከፈተ ትተው የልብስ ማጠቢያ የብረት ሳፋ ይዘው መንገዱን ሲሻገሩ አየሁ።

"እማማ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው?"

"ያ ድንጋይ የመጣበት መንገድ አይደለም ወይ?" አሉኝ። "ግቢ። ሆድሽ ላይ ድፊው። እኔ ከጎንሽ ሆኜ እይዘዋለሁ፤ አንቺ ልጅሽን ያዢ።"

መሀል ተቀመጥኩ፣ ሳፋው ሆዴ ላይ ተደፋ፣ እማማ በሁለት ክንዳቸው አቀፉት። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እንፈርስ ነበር።

ከከተማው እንደወጣን ዝናቡ በቀጥታ ፊታችን ላይ ይገርፍ ጀመር። ዐይኔን ጨፈንኩ። ባለቤቴ ግን መጨፈን አይችልም። መነጽር አድርጎ ነበር፣ ወዲያው በውሃ ታወረና አውልቆ ወረወረው። ጭቃ ይመጣል፣ ቅጠል ይመጣል፣ መንገዱ ላይ ያዘነበለ ቅርንጫፍ ገብቶ የእማማን ሻሽ ይዞት ሄደ። እማማ "ያ ረቢ" ይላሉ፣ እኔ "እመቤቴ ማርያም" እላለሁ፣ እሱ አንገቱን አስግጎ መንገዱን ይፈልጋል። ምጡ ሲመጣ ሳፋውን በጥፍሬ እቧጥጠዋለሁ።

ሸኮ ሳንደርስ ጫካው መሀል ቡና የጫነ መኪና ከፊታችን ገጠመን። ያኔ መንገዱ ጠጠር ነው። የመጀመሪያው ድንጋይ ጣሪያው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ሳፋውን ቋ! አደረገውና ድምፁ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ጮህኩ። ባለቤቴ ክላክሱን ይዞ አለቀቀውም፤ ሹፌሩ ግን በዚያ ዝናብ የሚሰማም አይመስልም።

"ራቅ በል! ወደ ኋላ ራቅልኝ!" አልኩት።

ፍጥነቱን ቀነሰ። ድንጋዩ ቀረ። ግን ያ መኪና ዳገቱን እንደ ኤሊ ነው የሚወጣው፣ እኛም ከኋላው መንፏቀቅ ሆነ። በዚህ አካሄድ ሚዛን መቼ ነው የምንደርሰው? እጄን በሳፋው ስር አስገብቼ ሆዴን ዳበስኩ። አልተንቀሳቀሰም። ጫን አድርጌ ዳበስኩ። አልተንቀሳቀሰም። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ያኛውም መጀመሪያ ዝም ነበር ያለው።

"እለፈው" አልኩ።

"መታጠፊያ ነው፣ ከፊት የሚመጣው አይታየኝም።"

"ልጁ ዝም ብሏል። እለፈው!"

ዞሮ አየኝ፣ ከዚያ ነዳጁን ረገጠ። ከጎማዎቹ ጎን ስንደርስ ጠጠርና ጭቃው እንደ በቆሎ ቆሎ ይንጣጣብን ጀመር። ሳፋው ይጮሃል፣ እማማ በላዩ ተደፍተው ጀርባቸውን ሰጡት። አንዱ ባለቤቴን ፊቱ ላይ መታው፤ "እህ!" ሲል ሰማሁ፣ መሪው ግን አልተወላገደም። ከፊት የሚመጣ መኪና አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሲያቆም ዘበኛው የአደጋ ሰዎች መስለነው ቃሬዛ ለማምጣት ሮጠ። ሦስታችንም ጭቃ ብቻ ነበርን። እኔ ቃሬዛው ላይ ሆኜ ዞር ስል ባለቤቴ አልተከተለኝም፤ መሪውን እንደያዘ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ደክሞት ነው ብዬ ተናደድኩበት። ከዚያ በኋላ መብራትና አረንጓዴ ልብስ ብቻ ነው የማስታውሰው።

ስነቃ መጀመሪያ የፈለግሁት የሰው ፊት ነው። ያኔ፣ በያኛው ጊዜ፣ ስነቃ ማንም ዐይኔን ሊያይ አልፈለገም ነበር፤ ነርሷ ግሉኮሱን ታያለች፣ ባለቤቴ መስኮቱን ያያል፣ ከዚያ ነው የገባኝ። አሁንም ባለቤቴ አልጋዬ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ክፍሉ ውስጥ የልጅ ድምፅ የለም። ልጠይቀው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ካልጠየቅሁት ገና አልሆነም ብዬ ነው መሰለኝ።

የአልጋው ሽቦ ሲጢጥ ሲል ሰምቶ ዞረ። ሁለት ዐይኑም በነጭ ፋሻ ታስሯል።

"ነቃሽ?" አለ። "አሸዋና ጠጠር ገብቶበት ነው፤ አጥበውልኛል፣ ይድናል ብለዋል። ስለ እኔ አታስቢ።"

እማማ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አላየኋቸውም። የሰው ነጠላ ተከናንበው፣ በነጠላው ውስጥ አንድ ነገር ታቅፈው ተነሱና ደረቴ ላይ አስቀመጡልኝ። ሴት ልጅ። ቀይ፣ የተጨማደደች፣ ሞቃት፣ እንቅልፍ የወሰዳት። ማልቀስ እፈልጋለሁ፣ ስፌቱ አላስለቅስ አለኝ።

"መንገዱ ተከፍቶ መስታወቱ ቴፒ ገብቷል አሉ" አሉ እማማ፣ ባለቤቴን ደስ ሊያሰኙት። "ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም። ኦርጅናል ነው ብሏል መካኒኩ።"

እሱ ግን የሰማቸው አይመስልም። እጁን ዘርግቶ አልጋውን እየዳበሰ መጣና ጣቱ የልጅቷ እግር ላይ አረፈ፣ እዚያው ቆመ።

"ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"ለምን ዝም አለች?"

"ተኝታ ነው።"

"አይተሻታል? በደንብ አይተሻታል?"

"አየኋት። እማማም አይተዋታል። ትተነፍሳለች።"

ጣቱን ከእግሯ አላነሳም።

"እኔ አላየኋትም" አለኝ። "ስትወለድ እኔን እያጠቡኝ ነበር፤ ስታለቅስ አልሰማሁም። እባክሽ ቀስቅሻት።"

እማማ "ተው እንጂ፣ ሕፃን ልጅ ከእንቅልፍ አይቀሰቀስም" አሉ። እኔ ግን የልጄን ተረከዝ ይዤ ቆነጠጥኳት።