በኩታቸው ጫፍ የተያዙት ሹም

ትናንት ረፋድ ላይ ተማሪዎቼን አሰናብቼ ወደ ባቡር ጣቢያው ስወርድ፣ በከተማችን በአዳማ አይቼው የማላውቀውን ነገር አየሁ...

የከተማችን ሹም ግራዝማች በቅርቡ ግቢያቸውን ሲያሰፉ፣ አዲሱ አጥር የሰፈሩን የውኃ ጉድጓድ ወደ ውስጥ አስገብቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ውኃ ፍለጋ እስከ አዋሽ ይወርዳሉ። በሩ ላይ ቆመው «አቤት!» ቢሉ ዘበኛው «ግራዝማች አይመቻቸውም» እያለ ይመልሳቸዋል። እኔም ስለዚሁ ነገር ደጋግሜ ሄጄ፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ ተመልሻለሁ። ሹም የሚሾመው ሰው ሊሰማ ነው፤ በአጥር ሊሰወር አይደለም።

ትናንት ግን ግራዝማች ከባቡር የሚወርድ እንግዳ ሊቀበሉ በበቅሎ ወጡ። ቅቤ ነጋዴዋ ጎረቤቴ አዴ ዲንቂ ከመንገዱ ዳር ብድግ አሉና...

«በንጉሥ አምላክ! ይቁሙልኝ!» አሉ።

በዚህ ቃል የተያዘ ሰው ወደፊት አይራመድም። ግራዝማች ልጓሙን ሳቡ። አዴ ዲንቂም ቀረብ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ከግራዝማች ኩታ ጫፍ ጋር ቋጠሩት! ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቋጥረው ወደ ዳኛ መሄዳቸው የአገር ወግ ነው፤ ሹም ሲቋጠር ግን ማን አይቶ ያውቃል?

አሽከሮቹ ዱላ አነሡ።

«ተዉ! የንጉሥ ስም ተጠርቶብኛል» አሉ ግራዝማች። ከበቅሏቸው ወርደውም «በይ፣ ዳኛሽን ጥሪ» አሏቸው።

አዴ ዲንቂ ዙሪያውን ሲቃኙ ዓይናቸው ነጭ ጥምጥሜ ላይ አረፈ።

«የኔታ ይዳኙን!»

የማስተምርበትን ቤት የሰጡኝ ግራዝማች ናቸው፤ ነገ ቢነሡኝ ተማሪዎቼን የት አደርሳቸዋለሁ? ነገር ግን ለዳኝነት የተጠራ መንገደኛ እንቢ ማለት አይገባውም። ከመንገዱ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጥሁ።

«ይናገሩ» አልኋቸው።

«ማሎ፣ እባክዎ የኔታ! ልጄ ቤት ውስጥ አራስ ናት። እሷን የማጥብበት ውኃ የለኝም። ጉድጓዳችንን ይመልሱልን!»

«ጉድጓዱ ያለው በአጥሬ ውስጥ ነው» አሉ ግራዝማች።

«በእግሩ ሄዶ ገባ እንዴ፣ ጌታው?» አሉ አዴ ዲንቂ።

ሕዝቡ ሳቀ። ግራዝማችም ፈገግታቸውን መደበቅ አቃታቸው።

እኔም ፈረድሁ። «አጥሩ የግራዝማች ነው፤ ጉድጓዱ የሰፈሩ ነው። አጥሩ ወደ ቦታው ይመለስ።»

ግራዝማች ከአሽከሮቻቸው ጋር ወደ መጣው ዘበኛ ዞሩ።

«እነዚህ ሴቶች ደጄ ላይ ሲጮኹ ለምን አልነገርከኝም?»

«ጌታዬ፣ ማንም እንዳያስቸግረኝ ብለውኛል እኮ!»

ያን ጊዜ አንገታቸውን ደፉ። ባቡሩም እየጮኸ ገባ። አዴ ዲንቂ ቋጠሮውን ሊፈቱ እጃቸውን ሲሰዱ ግራዝማች ከለከሏቸው።

«ይቆይ፣ እናቴ። ፍርዱ ሳይፈጸም አይፈታም።»

እንግዳውን የሚቀበል አሽከር ልከው፣ እንደተቋጠሩ፣ ከቅቤ ነጋዴዋ ጋር ጎን ለጎን ወደ አጥሩ ሄዱ። እንጨቱ ሲነቀል ቆመው ጠበቁ። የአዴ ዲንቂ እንስራ ከሞላ በኋላ ግራዝማች ቋጠሮውን በገዛ እጃቸው ፈቱና ለተሰበሰበው ሰው እንዲህ አሉ፦

«ከእንግዲህ በየገበያው ቀን ከግቢዬ ውጭ፣ የኔታ በፈረዱበት ዋርካ ሥር እቀመጣለሁ። የንጉሥ ስም መጥራት ሳያስፈልጋችሁ ኑ።»

ወደ እኔም ዞር ብለው በዝግታ «የኔታ፣ ስለ ቤቱ አይሥጉ» አሉኝ። ሥጋቴን እንዴት እንዳወቁብኝ አላውቅም...

ዛሬ ጠዋት አዴ ዲንቂ አራሷን አጥበው ደጃፍ ላይ ልብስ ሲያሰጡ አየሁ። ተፈርዶበት ፍርዱን የሚያከብር ሹም የሰጠን አምላክ ይመስገን፤ ለግራዝማች ዕድሜ፣ ለኩታቸውም ጫፍ ጥንካሬ ይስጥልን።