ያለ ድራም የከረምንበት ሁዳዴ

እኔ ድራም መቺ ነኝ። ኖታ ማንበብ አልችልም፤ ፊደልም በደንብ የለየሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ባንዳችን ሦስት ሰው ነው። ጊታር ይዛ የምትዘፍነው ካልቨር ሲቲ ቢሮ የምትሠራ ሴት ነች። ቤዝ የሚጫወተው ጓደኛዬ ዌስትቼስተር የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል ድራይቭ ያደርጋል። ሦስተኛው እኔ ነኝ። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፌርፋክስ ላይ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ሮክ እንጫወታለን። ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ ግድግዳውን እየደበደበ ቀንሱ ይለን ነበር። እኔ ቀንሼ አላውቅም።

ሁዳዴ ሲገባ ግን አልመታም። ቤተ ክርስቲያን ራሷ በዚያ ጾም ከበሮዋን ታሳርፋለች። አዲስ አበባ ሳለሁም የአዝማሪ ቤቶቹ በሁዳዴ ይዘጉ ነበር። ሌላው ጊዜ ኃጢአቴ ብዙ ነው፤ ይችን ግን አልነካትም። ሶ፣ ባንዳችንም አሥራ ምናምን ዓመት በሁዳዴ ዝም ሲል ኖሯል።

ዘንድሮ ጾሙ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ዘፋኟ ፕራክቲስ ላይ ጊታሯን አስቀመጠችና፣

"ጋሼ፣ ዘንድሮ አናቆምም" አለችኝ። "የምግብ ቤቱ ባለቤት ስምንት ሳምንት ባዶ መድረክ አልፈልግም ብሏል። ካቆምን ዲጄ ያመጣል።"

"ያምጣ።"

"እኛስ?"

"ተጫወቱ። ማን ከለከላችሁ? እኔ አልመታም።"

ቤዝ የሚጫወተው ሳቀ። "ሮክ ያለ ድራም! ያለ በርበሬ ወጥ አለ እንዴ?"

"አለ እንጂ፣ አልጫ" አለችው። "ካንትሪ እንጫወታለን።"

አባቷ አዲስ አበባ የካንትሪ ካሴት ነበረው፤ በዚያ ነው ያደገችው። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ የማያውቀውም ሰው ካንትሪ ይሰማ ነበር። እኔ አልወደውም። በየዘፈኑ ሚስቱ ትሄዳለች፣ ሰውየው መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይዘፍናል። ተነስቶ አይከተላትም።

የመጀመሪያው እሑድ እንደ ደንበኛ ሄጄ ሽሮ አዘዝኩ። እንደማያምርባቸው እርግጠኛ ነበርኩ። ሰው ወደደው። ግድግዳ ሲደበድብ የኖረው ልብስ ሰፊ ሳይቀር ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጭንቅላቱን ይወዘውዛል። እሱ ሲወዘወዝ ሽሮው አልወርድ አለኝ።

በሁለተኛው እሑድ ስመጣ ድራሜ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ሁለት ጠረጴዛ ገብቷል።

"ቦታህን አየኸው?" አለኝ ቤዝ የሚጫወተው። "ስምንት ሰው ይበላበታል። አንተ እዚያ ላይ ስንት ሰው ታበላ ነበር?"

"ዝም ብለህ ክርህን ቃኝ።"

ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ነገሩ ገብቶኛል። ሰባ ዓመት አልፎኛል። እሠራ የነበረውን የፓርኪንግ ሥራ ጉልበቴ ታሞ ትቼዋለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚፈልገኝ ሰው የለም። የቀረችኝ እሑድ ነች፤ እሷም ላይ አሁን ሰው ይበላባታል። መምታት እንደምችል አውቃለሁ። በሳምንቱ ድራሜን ባመጣ ጠረጴዛዎቹ ይነሱ ነበር። አላመጣሁም። አልመታም ብያለኋ።

ሦስተኛው እሑድ ላይ ተበላሹ። ዘፋኟ አንድ ጠባይ አላት፤ ሰው ሲያጨበጭብላት ትፈጥናለች። ዱሮም ትፈጥን ነበር፤ ይዤ የማስቀራት እኔ ነበርኩ። ቀስ ብሎ የተጀመረው ዘፈን መሐሉ ላይ ሲደርስ ይጋልባል። ቤዙ ኋላ ኋላ ይከተላታል። ተቃቅፈው ይደንሱ የነበሩ ባልና ሚስት እግራቸው ተምታቶ ቆሙ። እሷም ቆመች። ፊቷ ቀላ።

ሁለተኛ ስትጀምር ከዘራዬን አነሳሁና ወለሉን መታሁ። ወለሉ ጣውላ ነው፤ ድምፁ ደህና ነው። አንድ መታሁ፣ ጠበቅኩ፣ ደገምኩ። ወደኔ አየች። ልትፈጥን ስትል አልፈጠንኩላትም። እየተጎተተች ተመለሰች፤ ዘፈኑም በሰላም አለቀ።

ሲያርፉ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። "ጋሼ፣ ከዘራ አይጾምም?"

"ካህናቱስ በሁዳዴ በምን ይዘምራሉ? መቋሚያቸውን ይዘው መሬቱን እየመቱ አይደለም?"

"እነሱ ካንትሪ አይዘምሩም።"

"አንቺም ቄስ አይደለሽም። ውኃሽን ጠጪና አትፍጠኚ።"

እስከ ጾሙ መጨረሻ ከፊት ወንበር ላይ ከከዘራዬ ጋር ተቀመጥኩ። ሽሮውንም በላሁ።

የዳግማ ትንሣኤ ዕለት ድራሜን ጭኜ ሄድኩ። መኪናዬን ከጓሮ ፓርክ አድርጌ ስገባ ጠረጴዛዎቹ እዚያው ናቸው። ባለቤቱ ከኩሽና ወጣ።

"ጋሼ፣ ለምን ይለፋሉ? ከዘራው ይበቃል። ሰዉም ለምዶታል።"

"ከዘራው የጉልበቴ ነው" አልኩትና አንዱን ጠረጴዛ በአንድ በኩል ያዝኩ። ከበደኝ። ባለቤቱ ቆሞ ያየኛል። ዘፋኟ መጥታ ሌላውን ጫፍ አነሳች። ወደ በሩ ወስደን አስቀመጥነው። ለሁለተኛው ስመለስ ግን እጇን ጠረጴዛው ላይ አደረገች።

"ይሄ ይቆይ፣ ጋሼ። ካንትሪውን አልተወውም። በእግር የምትመታውን ትልቁንና አንዱን ትንሽ አግባ። ከስምንቱ ዘፈን ለአራቱ ሮክ ይበቃሃል። ለአራቱ ካንትሪ ከዘራህን ያዝ።"

"ግማሽ ድራም?"

"ግማሽ ድራም።"

ተቆጣሁ። መኪናዬ ድረስ ሄጄ ቁልፉን አዞርኩ፤ ሞተሩ ተነሳ። ትንሽ ተቀመጥኩ። ያ የካንትሪው ሰውዬ ትዝ አለኝ፤ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚዘፍነው። ሞተሩን አጠፋሁና ሁለቱን ከበሮዎች ይዤ ገባሁ።

አሁን እንደዚያው ነን። አራት ሮክ፣ አራት ካንትሪ። ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ልብስ ሰፊው ይቀመጣል፤ አንድም እሑድ ቀርቶ አያውቅም። ሮኩ ላይ ጆሮውን ይይዛል፤ እኔም አልቀንስለትም። የቀሩት ከበሮዎቼ መኪናዬ ትራንክ ውስጥ ናቸው። በየሳምንቱ አመጣቸዋለሁ፣ በየሳምንቱ እመልሳቸዋለሁ። ልብስ ሰፊው የቀረ ቀን ጠረጴዛው ተነስቶ ይገባሉ።